ከተዋጊ ጄት ጎን ስለሚበሩ ድሮኖች ለቀረቡ ጥያቄዎች የተሰጡ መልሶች

ጥያቄ፦ ተዋጊ ጄት የሚያጅቡት ድሮኖች ከለመድናቸው በምን ይለያሉ?

መልስ፦ የለመድነውን ድሮን ምድር ላይ የተቀመጠ ሰው ከርቀት ያበርረዋል። አጃቢው ድሮን ግን በጄት ሞተር እየበረረ ከፍታውንና ከጓዱ የሚኖረውን ርቀት ራሱ ስለሚጠብቅ፣ የጄቱ አብራሪ መሪ አይዝለትም፤ «ያንን ቀጠና ፈትሽ» ብሎ ያዘዋል እንጂ። እንዴት እንደሚደርስ የሚያሰላው ማሽኑ ነው።

ጥያቄ፦ በተግባር አሉ ወይስ ገና እቅድ ናቸው?

መልስ፦ እየበረሩ ነው። ቦይንግ በአውስትራሊያ የሠራው 11.7 ሜትር ርዝመት ያለው ጎስት ባት እ.ኤ.አ. በየካቲት 2021፣ የቱርኩ ክዝልኤልማ በታኅሣሥ 2022 ለመጀመሪያ ጊዜ በረዋል። የአሜሪካ አየር ኃይል በሚያዝያ 2024 የመረጣቸው የጄኔራል አቶሚክስና የአንዱሪል ኩባንያዎች ድሮኖች ደግሞ በ2025 አየር ላይ ወጥተዋል።

ጥያቄ፦ ጥሩ ጄት ያለው አየር ኃይል ምን ያደርግባቸዋል?

መልስ፦ የአሜሪካው ተዋጊ ጄት ኤፍ-35 ከራዳር ተሰውሮ ሲበር በሆዱ የሚይዘው አብዛኛውን ጊዜ አራት የአየር ለአየር ሚሳይል ብቻ ነው፤ ድሮኑ ተጨማሪ ሚሳይል ይሸከምለታል። ከዚህ የሚበልጠው ጥቅም ግን ሌላ ይመስለኛል። ራዳሩን የከፈተ ጄት በጨለማ ባትሪ እንዳበራ ሰው ነው፤ ያያል፣ ነገር ግን ያለበትን ቦታ ለጠላት ያሳውቃል። ድሮኑ ቀድሞ ሄዶ ራዳሩን ሲከፍት፣ አብራሪው ከኋላ የራሱን ራዳር ዘግቶ መረጃውን ይቀበላል። አደጋው የሚወድቀው ሰው በሌለበት አውሮፕላን ላይ ነው።

ጥያቄ፦ ሰው ሠራሽ አስተውሎት አብራሪዎችን አሸንፏል ይባላል፤ እውነት ነው?

መልስ፦ በ2020 በአሜሪካ በተካሄደ ውድድር አንድ ፕሮግራም የኤፍ-16 አብራሪን 5 ለ 0 አሸንፏል፤ ሆኖም ውጊያው በኮምፒውተር ላይ ስለነበር ፕሮግራሙ የተቃዋሚውን ቦታ ያለ ምንም ስህተት ያውቅ ነበር። በ2023 በፕሮግራም የሚበር እውነተኛ አውሮፕላን ከኤፍ-16 ጋር ሲፋለም ለደኅንነት ሲባል አብራሪዎች ተሳፍረው ነበር።

ጥያቄ፦ የአብራሪውና የድሮኑ ግንኙነት በጠላት ቢታፈንስ?

መልስ፦ ከሁሉ የሚያሳስበኝ ይህ ነው። ድሮኑ አስቀድሞ እንደተነገረው ሊመለስ ወይም በአንድ ቦታ እየዞረ ሊጠብቅ ይችላል። በጥቅምት 2024 ግን በምሥራቅ ዩክሬን ሰማይ የሩሲያ ጄት ኦሆትኒክ የተባለውን የራሱን ወገን ድሮን መትቶ ጥሏል፤ ከቁጥጥር ወጥቶ እንደነበር በሰፊው ይታመናል።

ጥያቄ፦ ተኩስ የሚፈቅደው ሁልጊዜ ሰው ነው?

መልስ፦ ጠያቂው እንዳሰቡት በሕግ የተቆለፈ ጉዳይ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2012 ወጥቶ በ2023 የታደሰው የአሜሪካ መከላከያ መመሪያ በኃይል አጠቃቀም ላይ ተገቢ የሰው ፍርድ እንዲኖር ያዛል እንጂ፣ ለእያንዳንዱ ተኩስ የሰው ጣት ቁልፍ ይጫን አይልም። ቢልም እንኳ፣ ራሱ ሚሳይል እየሸሸ ያለ አብራሪ ድሮኑ «ልተኩስ?» ብሎ ሲጠይቀው ዒላማውን የሚመረምርበት ጥቂት ሰከንድ ብቻ ይኖረዋል። ስለዚህ ፈቃድ ሰጪው ሰው ድሮኑ ያየውን ራዳርና ምስል አብሮ እንዲያይ፣ መልስ ካልሰጠ ደግሞ ዝምታው እንደ ክልከላ እንዲቆጠር ሥርዓቱ ከመነሻው መሠራት አለበት እላለሁ።