የሥነ ልቦና ምክር፦ «ሐሳቤ በእርግጥ ያልበሰለ ነው?»

ከኮምቦልቻ የጻፉልን እህት በጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ በፈረቃ የሚሠሩ፣ ትዳር ከያዙ ዘጠኝ ዓመት የሆናቸው የሁለት ልጆች እናት ናቸው። ዘንድሮ ዕቁብ ደርሷቸዋል። እርሳቸው በገንዘቡ የሟች እህታቸውን የ13 ዓመት ሴት ልጅ ከኩታበር፣ ከሴት አያቷ ዘንድ አምጥተው ማስተማር ይፈልጋሉ፤ ባለቤታቸው ደግሞ ከወንድማቸው ጋር ባጃጅ ለመግዛት አስበዋል። ንግግሩ ሲከር ባለቤታቸው በርቀት ከሚማሩበት የሥነ ልቦና ሞጁል አንዱን ገጽ በቀይ እስክሪብቶ አስምረው፣ ቡና እየተፈላ ሳለ ረከቦቱ አጠገብ አስቀመጡላቸው። ገጹ ሴቶች በሥነ ምግባር ዕድገት፣ ማለትም ትክክልና ስሕተትን በመመዘን ችሎታ፣ ብዙውን ጊዜ ከስድስት ደረጃዎች ሦስተኛውን፣ የቅርብ ሰዎችን ማስደሰት የሚቀድምበትን ደረጃ፣ እንደማያልፉ የሚናገር ነው። «በስሜት ነው የምትወስኚው፤ ይህን ያልኩት እኔ አይደለሁም፣ ሳይንሱ ነው» አሏቸው። ጠያቂያችን «ሐሳቤ በእርግጥ ያልበሰለ ነው?» ሲሉ ጽፈዋል።

ውድ እህቴ፣ ባለቤትዎ ያሰመሩበትን ገጽ እኔም እዚህ ደሴ ቢሮ ከመክፈቴ ከብዙ ዓመት በፊት፣ ተማሪ ሳለሁ ሸምድጄ ተፈትኜበታለሁ። ስድስቱን ደረጃዎች በቃሌ ስወጣቸው፣ ከማን አንደበት እንደተለቀሙ የነገረን መምህር አልነበረም፤ እኔም አልጠየቅሁም። መልሴን የምጀምረው ያኔ ካልጠየቅሁት ጥያቄ ነው።

ደረጃዎቹን ያወጣው አሜሪካዊው ሎረንስ ኮልበርግ ሲሆን፣ መሠረቱ እ.ኤ.አ. በ1958 ያቀረበው የዶክትሬት ጥናቱ ነው። በዚያ ጥናት የጠየቃቸው 72ቱም በቺካጎ አካባቢ የሚኖሩ ወንዶች ልጆች ነበሩ፤ አንዲትም ሴት አልነበረችባቸውም። ከወንዶች ልጆች መልስ የተሠራ መለኪያ በኋላ ለሴቶች ሲቀርብ፣ በመልሱ መካከል የታየው ልዩነት የመለኪያው ጉድለት ሊሆን ይችላል ተብሎ ሳይጠረጠር የሴቶቹ ጉድለት ተደርጎ ተቆጠረ። ይህንን በይፋ የሞገተችው በኋላ በሃርቫርድ ዩኒቨርሲቲ ከኮልበርግ ጋር የሠራችው የሥነ ልቦና ባለሙያ ካሮል ጊሊጋን ናት።

ጊሊጋን እ.ኤ.አ. በ1982 ባሳተመችው መጽሐፍ ያቀረበችውን አንድ ምሳሌ ልንገርዎት፤ ከእርስዎ ቤት ጉዳይ ጋር በእጅጉ ይቀራረባል። ሚስቱ በካንሰር ልትሞት የደረሰች አንድ ሰው መድኃኒቱን ለመግዛት ገንዘብ አጥሮታል፤ ባለመድኃኒቱም ዋጋ አልቀንስም ብሎታል። ሰውየው ይስረቅ ወይስ አይስረቅ? የ11 ዓመቱ ልጅ የሰው ሕይወት ከገንዘብ ስለሚበልጥ መስረቅ አለበት ሲል መለሰ። የ11 ዓመቷ ልጅ ግን መስረቅም የለበትም፣ ሚስቱም መሞት የለባትም አለች፤ ብድር ሊፈልግ ይችላል፣ ከባለመድኃኒቱም ጋር ቁጭ ብለው ሊነጋገሩ ይገባል፣ ሰርቆ ቢታሰር ደግሞ ሚስቱ ዳግም ስትታመም ማን ይደርስላታል? በኮልበርግ አቆጣጠር ልጅቷ ከልጁ አንድ ደረጃ ያህል ዝቅ ያለች ትመስላለች። እኔ ግን በመልሷ ውስጥ የማየው ነገን አሻግራ የምታስብ፣ በጉዳዩ የሚነካውን ሰው ሁሉ የምትቆጥር ልጅ ነው። እርስዎም «ዛሬ ካላመጣኋት ትምህርቷን ታቋርጣለች፣ ካቋረጠች ይድሯታል» ብለው ጽፈዋል። ይህ ምክንያትና ውጤትን አያይዞ ማሰብ ነው።

ሆኖም የጊሊጋንን ሐሳብ «ሴት በተፈጥሮዋ ርኅሩኅ፣ ወንድ ደግሞ ደረቅ ነው» ወደሚል መልስ ለውጠው በባለቤትዎ ላይ እንዳያዞሩት አደራ እላለሁ። ሎረንስ ዎከር የተባለ ሌላ የሥነ ልቦና ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ1984 በርካታ ጥናቶችን ሰብስቦ ሲመረምር፣ በኮልበርግ መለኪያ እንኳ በአብዛኞቹ ላይ በወንድና በሴት መካከል የጎላ ልዩነት አላገኘም። ልዩነት በታየባቸው ጥቂት ጥናቶችም ሴቶቹና ወንዶቹ በትምህርትና በሥራ እኩል አልነበሩም። እንግዲህ ሞጁሉ ላይ የተሰመረበት ዓረፍተ ነገር በራሱ በሙያው ውስጥ ከተሞገተ አርባ ዓመት አልፎታል።

እኛ ባለሙያዎቹም ከዚህ አድልዎ ነጻ አልነበርንም። እ.ኤ.አ. በ1970 በታተመ የኢንጌ ብሮቨርማንና የባልደረቦቿ ጥናት፣ 79 የአእምሮ ጤና ባለሙያዎች «ጤናማ ጎልማሳ» ምን ዓይነት ሰው እንደሆነ ሲጠየቁ የሰጡት መግለጫ ለ«ጤናማ ወንድ» ከሰጡት ጋር ተቀራረበ፤ ለ«ጤናማ ሴት» የሰጡት ግን ይበልጥ ስሜታዊ አድርጎ ስለሳላት ከሁለቱም ራቀ። ይህ ጥናት ስሜት የሚባለው ነገር ማን ሲናገረው በዚያ ስም እንደሚጠራ እንድጠይቅ አስተምሮኛል።

ይኸው ጥያቄ በደብዳቤዎ ውስጥ በአንድ መስመር ብቻ ወዳለፉት ነገር ይመልሰኛል፤ የባለቤትዎ የሥራ ውል ሰኔ ላይ ያበቃል፣ ሌሊትም እንቅልፍ አጥተዋል። ባጃጁን ያስመኛቸው ሥራ ፈትቶ ቤት የመዋል ስጋት ይመስለኛል። የእርሳቸው ፍርሃት «ስሌት»፣ የእርስዎ ሐዘን «ስሜት» ተብሎ ሲጠራ ሁለታችሁም ትጎዳላችሁ፤ እርስዎ አእምሮዎን ይጠራጠራሉ፣ እርሳቸው ደግሞ መፍራታቸውን ለሚስታቸው እንኳ መናገር አይችሉም።

ስለዚህ ሞጁሉን ለጊዜው ወደ መደርደሪያው ይመልሱትና፣ እርስዎ የሌሊት ፈረቃ በማይገቡበት ቀን ልጆቹ ከተኙ በኋላ ይቀመጡ። ስለ ገንዘቡ ከመናገርዎ በፊት «ሰኔ ሲደርስ ምን ያስፈራሃል?» ብለው ይጠይቋቸው፣ ሳያቋርጡም ያዳምጧቸው። ከዚያ እርስዎ ስለ እህትዎ ይናገሩ፤ ሐዘንዎን ለመደበቅ አይታገሉ። ቀጥሎ በአንድ ወረቀት ላይ የልጅቷን የደብተር፣ የልብስና የቀለብ ወጪ፣ በሌላው የባጃጁን ድርሻ በብር አብራችሁ ጻፉ። ምናልባት ባጃጁ አንድ ዙር ዕቁብ ሊቆይ፣ ወይም ድርሻው ሊያንስ ይችላል። «አንቺ በስሜት ነው» የሚለው ቃል ከተመለሰ፣ የተጻፈው ቁጥር ላይ የትኛው ስሕተት እንደሆነ በእርጋታ ይጠይቁ።

አንድ ነገር ግን ከሁለታችሁም ወገን አላየሁም፦ ልጅቷ ራሷ ምን እንደምትፈልግ በደብዳቤው ውስጥ የለም። ሴት አያቷን ትታ መምጣት ትፈልግ ይሆን? እዚያው ኩታበር ሆና ብትማርና እናንተ ወጪዋን ብትችሉ ትመርጥ ይሆን? ገንዘቡ ከመወሰኑ በፊት አንድ ቅዳሜ ከባለቤትዎ ጋር አብራችሁ ሂዱና ጠይቋት።