ባቡር ዳገት አይወድም

ባለፈው እትም ከፒትስበርግ ተነስቼ እስከ ከምበርላንድ፣ ሜሪላንድ በብስክሌት መሄዴን በሁለት መስመር ጠቅሼ ነበር። የጥያቄው ብዛት አስደነገጠኝ። ግማሹ «ዕድሜህን አታውቅም ወይ?» የሚል ነው፤ እሱን ትቼዋለሁ። ከቀሩት አራቱን መርጫለሁ። ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።

ጥያቄ፦ የ54 ዓመት ሴት ነኝ፣ የምኖረው ሲልቨር ስፕሪንግ ነው። ልጅ ሆኜ ባሕር ዳር ትምህርት ቤት የምመላለሰው በብስክሌት ነበር። አሜሪካ ከመጣሁ ግን ነክቼውም አላውቅ። አሁን የሥራ ባልደረቦቼ በሴፕቴምበር ያንን የባቡር ሐዲድ የነበረ መንገድ እንሂድ እያሉ ይዘውኛል። 150 ማይል ነው አሉኝ። ካርታውን ሳየው ተራራ በተራራ ነው፣ እኔ ደግሞ ዳገት ስወጣ ጉልበቴን ያመኛል። ልሂድ ወይስ ይቅርብኝ?

መልስ፦ ይሂዱ። ጉልበትዎን ያየ ሐኪም ብስክሌት ካልከለከለዎት በቀር ይሂዱ።

ተራራውን አይፍሩት። ይህ መንገድ መጀመሪያ የተቀደደው ለብስክሌት ሳይሆን ለባቡር ነው፤ ባቡር ደግሞ ዳገት አይወድም። የብረት ጎማ በብረት ሐዲድ ላይ ሽቅብ ሲጎትት ይንሸራተታል፣ በዚያ ላይ ከኋላው ስንትና ስንት ፉርጎ ከሰል አለ። ስለዚህ መሐንዲሶቹ ተራራ ሲገጥማቸው ወይ ይዞሩታል ወይ ይበሱታል፤ ሸለቆ ከመጣ ድልድይ ይሠሩለታል። ከኮኔልስቪል እስከ ከምበርላንድ ያለውን መስመር የዌስተርን ሜሪላንድ ባቡር ኩባንያ በ1912 ነው የጨረሰው። በ1975 ባቡሩ ቆመ። ከዚያ ሐዲዱ ተነቀለ፣ የተፈጨ የኖራ ድንጋይ ተነጠፈበት፣ አሁን ግሬት አሌጌኒ ፓሴጅ ይባላል። በአጭሩ ጋፕ ይሉታል። መኪናና ሞተር አይገባበትም፣ መግቢያም አይከፈልበትም።

ቁጥሩን ልንገርዎት። ከፒትስበርግ እስከ ዳገቱ ጫፍ 126 ማይል ገደማ ነው፤ በዚህ ሁሉ መንገድ በከፍታ የሚጨምሩት 500 ሜትር ቢሆን ነው። በ200 ኪሎ ሜትር 500 ሜትር! ዓይን አያየውም። እግር ብቻ አልፎ አልፎ «ዛሬ ምን ነካኝ?» ይላል። ጫፉ ላይ ሰው ሁሉ ቆሞ ፎቶ ይነሳል፣ እዚያ ባለው መሿለኪያ ግድግዳ ላይም የመንገዱ ከፍታና ዝቅታ ተስሏል። ከዚያ ወዲህ የዘነበ ዝናብ ፖቶማክ ገብቶ በዋሽንግተን በኩል ያልፋል፣ ከዚያ ወዲያ የዘነበው በኦሃዮ ወንዝ አድርጎ ሚሲሲፒ ይገባል። ቁመቱ ግን 2392 ጫማ ነው፣ በሜትር 729። እኔ ሳቄ መጣ። እርስዎ ብስክሌት የለመዱት 1800 ሜትር ላይ ነው እኮ።

መነሻዎን ግን ይምረጡ። ከከምበርላንድ ከተነሱ ያው ከፍታ በ24 ማይል ውስጥ ተጠቅልሎ ይመጣብዎታል። አይገድልም፤ ግን ገና በመጀመሪያው ቀን ሞራል ይነካል። እኔ አንድ ዓመት በዚያ በኩል ጀምሬ፣ ጓዜን እንደ ግመል ጭኜ፣ ፍሮስትበርግ ስደርስ ከተማዋ ከመንገዱ በላይ ኮረብታ ላይ መሆኗን አየሁና ራት ሳልበላ መተኛት አማረኝ። ስለዚህ ከፒትስበርግ ይነሱ። የመጨረሻው ቀን ቁልቁለት ይሆንልዎታል፣ ፔዳሉን እንኳ መምታት አያስፈልግም፣ ፍሬኑ ብቻ ደህና ይሁን።

በአምስት ቀን ያድርጉት። መጀመሪያ ዌስት ኒውተን ይደሩ፣ ከዚያ ኮኔልስቪል፣ ከዚያ ኮንፍሉዌንስ፣ ከዚያ ሜየርስዴል፣ በአምስተኛው ቀን ከምበርላንድ። በቀን ከ25 እስከ 36 ማይል ይወጣል። ባልደረቦችዎ «በሦስት ቀን እንጨርሰዋለን» ካሉ እነሱ ይጨርሱት። እንዲህ የምልዎት ለጉልበትዎ ብቻ አስቤ አይደለም። በዚህ መንገድ ያየሁት ትልቁ ስህተት ሰዎች አንገታቸውን ደፍተው ማይል ሲቆጥሩ ከተሞቹን ማለፋቸው ነው። ከተሞቹ የቆሙት በከሰል፣ ከከሰል በሚሠራው የብረት ማቅለጫ ነዳጅ (ኮክ) እና በባቡር ነበር። ሦስቱም ጥለዋቸው ሄዱ። አሁን የቀድሞው የባቡር ሠራተኛ ቤት እንግዳ ማረፊያ ሆኗል፣ ከሱቁ ደጃፍ የብስክሌት ማቆሚያ ብረት ተተክሏል፣ ቡና የምትቀዳው ሴትዮ ጎማዎን አይታ «ዛሬ ከየት ነው የተነሳሽው?» ትላለች። ለማዳ ናቸው።

ሜየርስዴል ከመግባትዎ በፊት ሳልስበሪ የሚባል ድልድይ አለ፣ 1908 ጫማ፣ 580 ሜትር ገደማ። ከሥሩ ወንዝ፣ አውራ ጎዳናና ዛሬም የሚሠራ ሌላ የባቡር መስመር ያልፋሉ። እኔ መሃሉ ላይ ስደርስ የጭነት ባቡር ከታች መጣ። ፉርጎ መቁጠር ጀምሬ ሰማንያ ላይ ጠፋብኝ። የሞተ ባቡር መንገድ ላይ ቆሞ፣ በሕይወት ያለ ባቡር በእግር ሥር ሲያልፍ ማየት እንግዳ ነገር ነው። ከዚያ ወርጄ ሜየርስዴል ጣቢያ ደጃፍ ላይ ከመነዳሪዬ ተንፍሶ አገኘሁት። ጣቢያው ዛሬ ትንሽ ሙዚየም ነው። ተቀምጬ ስለጥፍ አንድ ሽማግሌ መጥተው በትዕዛዝ መልክ «ሌላም ቀዳዳ አለ፣ ውሃ ውስጥ ንከረው» አሉኝ። በባልዲ ውሃ አመጡ። እውነታቸውን ነበር፣ ሌላ ቀዳዳ አለ።

መብራት ይያዙ። ቢግ ሳቬጅ የሚባለው ዋሻ አንድ ኪሎ ሜትር ሙሉ ነው፣ ውስጡ ግን መብራት አለው። ወደ ከምበርላንድ ሲወርዱ የሚመጣው ቦርደን ዋሻ ደግሞ የለውም። እኔ በስልኬ መብራት፣ ስልኩን በጥርሴ ነክሼ ነው ያለፍኩት። አይድገሙት። ከዚያ ወዲያ ያለውን ብራሽ ዋሻ አስጎብኚ ባቡርም ስለሚጠቀምበት፣ ድምፅ ከሰሙ ውጭ ቆመው ያሳልፉት። ቢግ ሳቬጅ በክረምት፣ ከዲሴምበር አጋማሽ እስከ ኤፕሪል መጀመሪያ ገደማ ይዘጋል፤ ለእርስዎ ሴፕቴምበር አያሰጋም።

ከከምበርላንድ ወደ ዋሽንግተን በቀን አንድ ጊዜ ባቡር አለ። ለብስክሌቱም አስቀድመው ቦታ ያስይዙ። ከመሄድዎ በፊት ደግሞ ሦስት አራት ቅዳሜ ሰፈርዎ ውስጥ ይለማመዱ። ጉልበትዎ ሳይሆን መቀመጫዎ ነው የሚያማርረዎት፣ ይመኑኝ።

ጥያቄ፦ እኛ ጋፕን የምንሄደው በኦገስት ነው፣ ሌላ ጊዜ ፈቃድ የለኝም። ፍልሰታ ነው። በእነዚያ ገጠር ከተሞች የጾም ምግብ ይገኛል?

መልስ፦ እህቴ፣ ይቸግርሻል። ፍልሰታ ኦገስት 7 ይገባል፣ በ22 ነው የሚፈሰከው፤ ማለትም መንገዱ ሰው የሚበዛበት ወቅት ላይ ነው። የትናንሽ ከተሞች ቁርስ ቤት ደግሞ እንቁላል፣ ቤከንና አይብ ነው የሚያውቀው። ሾርባውም ውስጥ ሥጋ ያለ እየመሰለሽ ትጠራጠሪያለሽ። ድንች፣ ባቄላ፣ ሰላጣ፣ አይብ የሌለው ፒዛ፣ የኦቾሎኒ ቅቤ በዳቦ፤ በዚህ ነው የምትዞሪው። አንዳንዱ ምግብ ቤት ደግሞ በሳምንቱ መጀመሪያ ዝግ ነው። ከሮክውድ እስከ ኮንፍሉዌንስ 18 ማይል ነው፣ በመሃል ሱቅ አገኛለሁ ብለሽ አትተማመኚ።

መፍትሔው ከቤት ይዞ መሄድ ነው። በሶ! ፈረንጆቹ በአንድ ፍሬ ሦስት ዶላር ከሚገዙት ማር የተቀባ ነገር በሶ ይበልጣል። ዱቄቱን ለየቀኑ በትንንሽ ፌስታል ቋጥሪ፣ ሲርብሽ ኮዳሽ ውስጥ በስኳርና በውሃ መትተሽ ጠጪ። ከአፉ ሰፋ ያለ ኮዳ ግዢ እንጂ፣ አለበለዚያ ይጓጉልና ይዘጋብሻል። ኦሃዮፓይል ላይ አንዱ ብስክሌተኛ እጄን አይቶ ሲሚንቶ የማቦካ መስሎት ነበር። ቀመሰና ዝም አለ፤ እንደገናም አልጠየቀኝም። ቆሎና ዳቦ ቆሎም ያዢ።

እስከ ዘጠኝ ሰዓት የምትጾሚ ከሆነ ግን በኦገስት ሙቀት ውሃ ሳይጠጡ 30 ማይል መሄድ አይሆንም። የንስሐ አባትሽን አማክሪ። እኔ ብሆን ፈቃዱን ለምኜ ወደ ሴፕቴምበር መጨረሻ እገፋው ነበር። ቅጠሉም መቅላት ይጀምራል።

ጥያቄ፦ አሌክሳንድሪያ ነኝ፣ ሾፌር ነኝ፣ አምስት ቀን እረፍት በሕልሜም የለም። ሁለት ልጆች አሉኝ፣ 7 እና 10 ዓመት። ለአንድ እሁድ የሚሆን አለ?

መልስ፦ አለ፣ ደጅህ ላይ። ደብሊው ኤንድ ኦዲ የሚባለው መንገድ አርሊንግተን ውስጥ ከሸርሊንግተን ተነስቶ ፐርሰልቪል ድረስ 45 ማይል ይሄዳል። እሱም የባቡር መስመር ነበር፣ ባቡሩ በ1968 ቆመ። አስፋልት ስለሆነ ለልጆች ይመቻል። ችግሩ ብዙ መንገድ ያቋርጣል፣ በተለይ በከተማው በኩል፤ ትንሹን ከፊትህ አስቀድመው፣ በየማቋረጫው ይውረድ። ወደ ሊስበርግና ከዚያ ወዲያ ያለው ጸጥ ይላል። መኪናህን እዚያ አቁመህ ጀምር።

ጋፕን ቅመሱልኝ ካልክ ከኦሃዮፓይል እስከ ኮንፍሉዌንስ ያለው 10 ማይል ገደማ ነው። በ1986 መጀመሪያ የተከፈተው እሱ ነው፣ እስከ ዛሬም በጣም የሚያምረው እሱ ይመስለኛል፣ ከወንዙ ጋር ነው የምትሄደው። ግማሹን ሄዳችሁ ተመለሱ። ልጆች የኦሃዮፓይልን ፏፏቴ ካዩ በኋላ ብስክሌት አይነዱም፣ ስለዚህ ፏፏቴው ለመጨረሻ ይሁን።

ጥያቄ፦ ከድሬዳዋ ነው የምጽፈው። አሜሪካኖች የቆመ ሐዲዳቸውን የብስክሌት መንገድ ካደረጉት እኛ የድሮውን የጅቡቲ መስመር ለምን አናደርገውም? ያለ ሥራ ተኝቶ የለም ወይ?

መልስ፦ የድሬ ልጅ ነህና አንተ ልበልህ፣ እንደማትቀየም አውቃለሁ።

ከላይ ለሲልቨር ስፕሪንጓ እህታችን ባቡር ዳገት አይወድም ብያለሁ። የአንተ ከተማ የተወለደችው በዚሁ ምክንያት ነው። ሐዲዱ በ1897 ከጅቡቲ ተጀምሮ ሲመጣ ሐረር ይገባል ነበር የተባለው። ተራራው አላስወጣ አለ። በ1902 ከታች ሜዳው ላይ ቆመ፣ ድሬዳዋ ተቆረቆረች፣ የከዚራ ሰፈርም ከነዛፎቿ ለባቡሩ ተብላ ተሠራች። አዲስ አበባ የገባው በ1917 ነው። 784 ኪሎ ሜትር። በ2016 የተመረቀው አዲሱ መስመር ጣቢያዎቹን ከከተማ አውጥቷቸዋል፤ አዲስ አበባም ብትሄድ ለቡ ነው የምትወርደው። የድሮው ግን እምብርት ላይ ነበር። ለገሃር የሚለው ስም እንኳ ፈረንሳይኛው «ጣቢያ» ነው፣ ሰፈሩ በሱ ተጠርቶ ቀረ።

ስለዚህ ሐሳብህ ቅዠት አይደለም። ጣቢያ መሃል ከተማ መሆኑ ትልቅ ነገር ነው፤ ጋፕን ያኖረውም ብስክሌተኛው ሲደክመው ወርዶ ሻይ የሚልበት ከተማ በየ20 እና 30 ኪሎ ሜትሩ መኖሩ ነው። እኛ ጋ ግን ርቀቱም ሙቀቱም ይለያል። ከአዋሽ ወዲያ ሜኤሶ፣ አፍደም፣ ኤረር እያልክ ስትሄድ በመሃል ውሃ ከየት ታመጣለህ? ጸጥታውም መታሰብ አለበት። መንገዱን ዛሬ የሚጠቀሙበት አሉ፣ ከብት ነጂው፣ ገበያተኛው። እነሱን የሚያስወጣ መንገድ ከሆነ ባይሠራ ይሻላል።

ከአሜሪካኖቹ ልንወስድ የምንችለው አንድ ነገር ሕጋቸውን ነው። በ1983 ያወጡት ሕግ፣ ባቡር የቆመበት መስመር ተቆራርጦ ከሚሸጥ ወደፊት ለባቡር እንደተጠበቀ ለጊዜው የእግርና የብስክሌት መንገድ እንዲሆን ይፈቅዳል። ዋናው መሬቱ አለመቆራረጡ ነው። መሃሉ ላይ አንድ ሰው ቤት ከሠራበት በኋላ 784 ኪሎ ሜትር የሚባል ነገር የለም፣ ቁርጥራጭ ነው። ሁለተኛው ትዕግሥት ነው። ጋፕ በ1986 በአሥር ማይል ጀምሮ ያለቀው በ2013 ነው። 27 ዓመት! በየቦታው ያለው ሰው የራሱን ቁራጭ እየለመነ፣ እየጠረገ፣ ድልድይ እያስጠገነ።

እኔ ብጠየቅ ደግሞ ሐዲዱ አይነቀል እላለሁ። የእኛ ቅርስ ነው፣ አንዴ ከተነሳ ብረቱ የት እንደሚሄድ አንተም እኔም እናውቃለን። ጎን ለጎን የእግር መንገድ ማውጣት ይቻላል፣ እነሱም ብዙ ቦታ እንዲህ አድርገዋል። የምትጀምሩት ከሆነ ከድሬ እስከ ሽንሌ ጀምሩ። ቅርብ ነው። አንድ ቅዳሜ ጠዋት 12 ሰዓት ላይ ጓደኞችህን ይዘህ በእግር ሂደውና የዛፍ ጥላ ያለበትን ቦታ ቁጠር፣ ውሃ የሚገኝበትንም ጻፍ። ጥላው ከአምስት ቦታ ካነሰ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት በኋላ ማንም አይሄድበትም፣ መጀመሪያ ዛፍ ነው የምትተክሉት። ቆጥረህ ላክልኝ፣ በሚቀጥለው እትም አወጣዋለሁ።