ወደ ግራ ብቻ መዞር ምኑ ይታያል?

እህቴ፣ ጥያቄሽን አነበብኩት። ልጅሽ የአፈር ትራክ የመኪና ውድድር ዩቲዩብ ላይ አይቶ ካልወሰድሽኝ ብሎሻል። አንቺ ደግሞ «ወደ ግራ ብቻ መዞር ምኑ ይታያል? ከሄድንስ ምን እንያዝ?» ብለሻል። የማውቀውን ልንገርሽ።

ሜሪላንድ ነው የምኖረው፤ ሥራዬ መካኒክነት ነው። ሰመር ሲመጣ ከጋራዡ ልጆች ጋር ፔንሲልቬንያ፣ ዊሊያምስ ግሮቭ ስፒድዌይ እንሄዳለን። መካኒክስበርግ አጠገብ ነው። የመካኒኮች ከተማ እንደማለት ነው፤ መጀመሪያ ሲነግሩኝ የሚያሾፉብኝ መስሎኝ ነበር። ትራኩ የተከፈተው እ.ኤ.አ. በ1939 ነው። ዙሪያው ግማሽ ማይል፣ መሬቱ አፈር።

እዚያ የሚሮጡት ስፕሪንት ካር ይባላሉ። አናታቸው ላይ ትልቅ ክንፍ አላቸው፤ ንፋሱ ወደ መሬት እንዲጫናቸው ነው። አንዷ ከነሹፌሯ 640 ኪሎ ገደማ ብትመዝን ነው፤ ከቪትዝ ትቀላለች። ሞተሯ ግን ወደ 900 የፈረስ ጉልበት ያወጣል። ታዲያ ይቺ ጉደኛ ሞተሪኖ የላትም! ፍሪሲዮንም፣ እኛ የምናውቀው ዓይነት ካምቢዮም የላትም። እንደ ድሮ ላዳ ታክሲ ተገፍታ ነው የምትነሳው። ልዩነቱ የሚገፋት ፒካፕ መሆኑ ብቻ ነው። መጀመሪያ ቀን ሳይ በሳቅ ሞትኩ።

ወደ ግራ የመዞሩን ነገር፣ የወረቀት ኩባያ ጠረጴዛ ላይ አጋድመሽ ግፊው። ቀጥ ብሎ አይሄድም፤ ወደ ጠባቡ ጫፍ ይዞራል። የመኪናዋም ዘዴ ይኸው ነው። የቀኝ የኋላ ጎማዋ ሆን ተብሎ ከግራው ይበልጣል። ኩርባው ላይ ደግሞ ሹፌሩን እዪው። መኪናዋ በጎኗ እየተንሸራተተች ወደ ግራ ስትታጠፍ፣ እሱ መሪውን የያዘው ወደ ቀኝ ነው።

የኔ ምክር ግን መኪናውን ትተሽ አፈሩን እዪ ነው። ሲጀመር ውሃ ጠጥቷል፤ ጎማ ይይዛል። እየተሮጠበት ሲሄድ ይደርቃል፣ ይጠቁራል፣ እንደ ሊሾ ያንሸራትታል። ያኔ ጎበዙ ሹፌር ወደ ውጭ ይወጣል። ጎማዎቹ እየገፉ ዳር ላይ የከመሩትን እርጥብ አፈር ተደግፎ ይታጠፋል። ትንሽ ካለፈ ግድግዳው ይጠብቀዋል። በማጣሪያው አንደኛ የወጣ ሰው በዋናው ውድድር ወደ ኋላ ሲቀር ያየሽ እንደሆነ፣ ብዙ ጊዜ መሬቱ ስለተቀየረበት ነው። ስለዚህ ማጣሪያዎቹን አትዝለሏቸው፤ በጊዜ ድረሱ። አንድ ዙር 17 ሰከንድ ገደማ ነው። ስልክሽ ላይ ካቀረቀርሽ አለቀ።

የጆሮ መከላከያ ግዴታ ነው፣ በተለይ ለልጁ። የጥጥ ነገር እንዳትጠቀሚ፤ ጆሮ የሚሸፍነውን ትልቁን ግዢለት። እኔ ልጄን ያለ ምንም ይዤ ሄጄ ሁለተኛው ማጣሪያ ላይ እያለቀሰ ወጥተናል። ጥፋቱ የኔው ነበር። መነጽርም ያዙ። የፊት ወንበር ደግሞ አትምረጪ፤ ከላይ ተቀመጡ። ከታች ከሆናችሁ ጭቃው ይደርሳችኋል፣ ትራኩም በደንብ አይታይም። ነጭ ሸሚዝ ለብሼ ፊት የተቀመጥኩ ሰው ነኝ፣ እመኚኝ።

ውድድሩ አብዛኛውን ጊዜ አርብ ማታ ነው። ጾመኛ ከሆናችሁ እዚያ የሚሸጠው በርገርና ሆትዶግ ስለሆነ ቤት በልታችሁ ውጡ። ድንች ጥብስ ብቻ ነው የሚተርፋችሁ።

ከዘነበ አፈር ላይ አይሮጥም። ከመነሳትሽ በፊት የትራኩን ገጽ እዪ። ሲያልቅ ደግሞ ቶሎ ወደ መኪናችሁ አትሩጡ። በብዙ የአፈር ትራኮች ሕዝቡ ሹፌሮቹ ያሉበት ግቢ እንዲገባ ይፈቀድለታል። አሸናፊው ፊቱን እንኳ ሳይታጠብ ከልጆች ጋር ፎቶ ይነሳል። ልጅሽ ያንን ጎማ በእጁ ይዳስሰው።