ትንንሽ ልጆችን በችሎታ ለይቶ ማስቀመጥ፦ ጥያቄዎቻችሁና መልሶቼ

ከ1ኛ እስከ 3ኛ ክፍል ሳስተምር 19 ዓመት ሆነኝ። ስለ «ጎበዞች ረድፍ» እና «ሰነፎች ረድፍ» ጠይቁኝ ብያችሁ ከጠበቅኩት በላይ ጻፋችሁልኝ። አመሰግናለሁ። የሚመሳሰሉትን አንድ ላይ አድርጌያቸዋለሁ።

ጥያቄ፦ ሰላም ቲቸር። ልጄ 1ኛ ክፍል ናት። መምህሯ ክፍሉን ጎበዝ፣ መካከለኛና ሰነፍ ብላ በሦስት ረድፍ አስቀምጣለች። ልጄ መጨረሻው ረድፍ ላይ ናት። ትናንት «እማ፣ እኔ እኮ ሰነፍ ነኝ» አለችኝ። ሄጄ ልናገር ወይስ ዝም ልበል?

መልስ፦ ዝም አትበይ እህቴ። ለጠብ ግን አትሂጂ። መምህሯን ሁለት ነገር ጠይቂያት። ልጄ እዚያ የተቀመጠችው ምን ስላልቻለች ነው? ምን ስትችልስ ነው የምትነሳው? ለሁለቱም መልስ ካላት አብራችሁ ትሠራላችሁ። «ያው ትንሽ ደከም ትላለች» ካለችሽ ግን ረድፉ የተሠራው በግምት ነው።

የግምትን ነገር ሬይ ሪስት የሚባል አሜሪካዊ ተመራማሪ በ1970 እ.ኤ.አ. ባሳተመው ጥናት በደንብ አሳይቶታል። አንዲት የመዋዕለ ሕፃናት አስተማሪ ትምህርት በተጀመረ በ8ኛው ቀን ልጆቹን በሦስት ጠረጴዛ መደበቻቸው። አንዳቸውንም አልፈተነችም። ንጹሕ የለበሰ፣ አፉ የተፈታ፣ ቤተሰቡ ደህና ኑሮ ያለው ፊት ተቀመጠ። ልጆቹም አስተማሪዎቹም ጥቁሮች ነበሩ፤ የለያቸው የቤት ኑሮ ነው። ሪስት እስከ 2ኛ ክፍል ተከታተላቸው። ከኋላ ጠረጴዛ ተነስቶ ከጎበዞቹ ቡድን የገባ አንድም ልጅ አላገኘም።

እኔም በጀማሪነቴ አድርጌዋለሁ። ጫማው የተቀደደ፣ ሁሌ የሚያረፍድ ልጅ ነበረኝ። ኋላ ወንበር ሰጠሁት። ጠዋት ጠዋት ውሃ ቀድቶ እንደሚመጣ ያወቅኩት ከወራት በኋላ ነው። ፊደሉን ሳስጠራው ከፊት ረድፍ ልጆች እኩል ይለያል። እስከ ዛሬ ይቆጨኛል።

ጥያቄ፦ እኔ መምህር ነኝ። 2ኛ ክፍል ነው የማስተምረው፣ 64 ተማሪ አለኝ። ገሚሱ ምንባብ ያነባል፣ ገሚሱ ፊደል አልለየም። ሳልከፋፍላቸው እንዴት ይሆናል?

መልስ፦ መከፋፈልማ አለብህ ወንድሜ። እ.ኤ.አ. በ2010 በአገራችን በተደረገው የንባብ ምዘና ከ2ኛ ክፍል ተማሪዎች ሲሶ ያህሉ አንድ ቃል እንኳ ማንበብ አልቻሉም ነበር። እንዲህ ባለ ክፍል «ሁላችሁም ገጽ 14 አውጡ» ብትል ሲሶው ሥዕሉን ሲያይ ይውላል።

እኔ የማደርገውን ልንገርህ። የምከፋፍለው ለንባብ ብቻ ነው፣ በቀን አንድ ክፍለ ጊዜ። ደወሉ ሲደወል ሁሉም ወደ ቦታው ይመለሳል። ለሒሳብ፣ ለሥዕል፣ ለጨዋታ ተቀላቅለው ይቀመጣሉ። ሕንድ ውስጥ ፕራታም የሚባል ድርጅት በዚህ መንገድ ብዙ ሠርቷል። ከ3ኛ እስከ 5ኛ ክፍል ያሉትን ልጆች ክፍላቸውን ትቶ ባሉበት የንባብ ደረጃ ይመድባቸዋል፦ ፊደል፣ ቃል፣ አንቀጽ፣ ታሪክ። ደረጃው የሚታወቀው ልጁን ለብቻው ጠርቶ በማስነበብ ነው። እንደገና እያስነበቡም ያሻግሩታል።

ለእኛ ፊደል አንድ ነገር ልጨምርልህ። ገበታውን በዜማ የሚያወርድ ልጅ አያታልልህ። ወረቀት ላይ አንዲት ፊደል ብቻ የምታሳይ ቀዳዳ አውጣ፤ ገበታው ላይ አንሸራትታት። «ሎ» ላይ አቁምና ከንፈሩን እየው። ለ፣ ሉ፣ ሊ፣ ላ… እያለ በጣቱ ቆጥሮ ሰባተኛዋ ላይ ከደረሰ የያዘው ዜማውን ነው። ፊደሏን ገና አላወቃትም። ለአንድ ልጅ ሁለት ደቂቃ ይበቃል። በየ3 ሳምንቱ ድገመው። ያለፈውን በዚያኑ ቀን አሻግረው፣ ሌሎቹ እያዩ። ቡድኑን «አደይ» እና «ጽጌረዳ» ብትለውም፣ የትኛው የደካሞቹ እንደሆነ ልጆቹ በሁለት ቀን ያውቁታል። ሰው ሲሻገር ካዩ ግን አይከፋቸውም።

ጥያቄ፦ ትምህርት ቤታችን ከመጪው ዓመት ጀምሮ ጎበዞቹን ኤ ሴክሽን፣ ደካሞቹን ሲ ሴክሽን ሊያደርግ ነው። ኬንያ ውስጥ ተሞክሮ ሠርቷል ይላሉ። እውነት ነው?

መልስ፦ እውነት ነው፤ ግን ሙሉውን ይንገሯችሁ። ኤስተር ዱፍሎ፣ ፓስካሊን ዱፓስና ማይክል ክሬመር የሚባሉ ተመራማሪዎች በምዕራብ ኬንያ 121 ትምህርት ቤቶችን አጠኑ። ሁሉም ለ1ኛ ክፍል ተጨማሪ መምህር አግኝተው ክፍሉ ለሁለት ተከፈለ። ገሚሶቹ ትምህርት ቤቶች ልጆቹን በውጤት ለዩ፣ ገሚሶቹ በዕጣ ደለደሉ። ከ18 ወር በኋላ በውጤት የተለዩት በለጡ። ዝቅተኛው ክፍልም ተጠቀመ።

አሁን ልብ በሉ። እዚያ የትኛው መምህር የትኛውን ክፍል እንደሚይዝ የተወሰነው በዕጣ ነው። እኛ ጋ ዕጣ ይወጣል? በማውቀው አንድ ትምህርት ቤት ምርጡ መምህር ኤ ሴክሽንን ይይዛል። ሲ ሴክሽን ለአዲስ ተቀጣሪ ይሰጣል። መጽሐፍ ሲያንስም የሚያንሰው ለሲ ነው። ሴክሽኑን ከመለያየታችሁ በፊት «ሲን ማን ነው የሚይዘው?» ብላችሁ ጠይቁ። ስሙ ካልተነገራችሁ አትስማሙ። ደግሞ ሮበርት ስላቪን የሚባል አሜሪካዊ ተመራማሪ በ1987 እ.ኤ.አ. የቀደሙ ጥናቶችን ሲመረምር፣ ልጆችን ቀኑን ሙሉ በችሎታ ለያይቶ ማስተማር ጥቅሙ አልታየውም። ጥቅም ያገኘው ለአንድ ትምህርት ብቻ ሲለዩ ነው።

ጥያቄ፦ 1 ለ 5 አደረጃጀትስ?

መልስ፦ ጎበዙ አምስቱን ይረዳል ተብሎ ነው የተጀመረው። 8 ዓመት ለሞላው ልጅ ግን አምስት ልጅ መምራት ከባድ ነው። ብዙ ጊዜ ያየሁት ጎበዙ ሲሠራ አምስቱ ሲገለብጡ ነው። ሁለት ሁለት ሆነው ሲነባበቡ ይሻላል።

ጥያቄ፦ ልጄ፣ እኛ የኔታ ዘንድ ስንማር ክፍል የሚባል ነገር አልነበረም። አሁን ይሄ ሁሉ ጣጣ ከየት መጣ?

መልስ፦ አባባ፣ ጥያቄዎ ደስ አሰኝቶኛል። አንድ ዛፍ ሥር ፊደል ቆጣሪው፣ አቡጊዳ ላይ የደረሰው፣ ዳዊት የሚደግመው አብረው ይቀመጣሉ። ያወቀ ያልፋል፣ ያላወቀ ይቆያል። ቀደም ያለው ለጀማሪው ያስቀጽላል። የ7 ዓመቱ ልጅ የ10 ዓመቱን ቢቀድመው ማንም አይገረምም። አለንጋው ይቅርልን እንጂ ያ ነገር በጣም ያስቀናኛል። ዛሬ ልጁን በዕድሜው ክፍል ውስጥ እንዘጋዋለን፤ እዚያው ደግሞ «ሰነፍ» እንለዋለን።

ጥያቄ፦ አሜሪካ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ነው የምኖረው። ልጄ 1ኛ ክፍል በእንግሊዝኛ ንባብ ዝቅተኛው ቡድን ውስጥ ነው። ቤት አማርኛ ማውራት ላቁም?

መልስ፦ በፍጹም እንዳታቆሚ! በአማርኛ ተረት የሚሰማ ልጅ ታሪክ መከተልና ቃል ማጠራቀም እየተማረ ነው፤ ያ ወደ እንግሊዝኛው ይሻገርለታል። መምህሩን «ቡድኑ በየስንት ጊዜው ይከለሳል?» በይው። «ሲያነብ የሚከብደው ቃሉን ማውጣት ነው ወይስ ትርጉሙ?» ብለሽም ጠይቂው። ሁለቱ የተለያየ እርዳታ ነው የሚፈልጉት።

ጥያቄ፦ ልጄ 6 ዓመት ሳይሞላው ነው 1ኛ ክፍል የገባው። ኋላ የቀረው ለዚያ ይሆን?

መልስ፦ ሊሆን ይችላል። በዚህ ዕድሜ የወራት ልዩነት ብዙ ነው። እንግሊዝ ውስጥም ዝቅተኛ ቡድን ውስጥ በብዛት የሚገኙት የክፍሉ ትንሾች ናቸው። ለመምህሩ የተወለደበትን ወር ንገሪው።

ጥያቄ፦ ልጄ ራሷ «ለምንድነው እኔ ከእነ እንትና ጋር የማልቀመጠው?» ብትለኝ ምን ልመልስላት?

መልስ፦ እውነቱን ንገሪያት፣ በልጅ ልክ። «አሁን እየተማርሽ ያለሽው ፊደሎቹን ሳትቆጥሪ መለየት ነው። እነሱ ቃል እየተማሩ ነው።» ከዚያ የምታውቀውን አስቆጥሪያት። የዛሬ ሳምንት አንዲት ልጅ እንዲህ ስናደርግ ከ33ቱ የፊደል ገበታ ረድፍ 21ዱን ጨርሳ እንደነበር በራሷ ጣት ቆጥራ አገኘችው። «12 ብቻ ነው የቀረኝ?» አለችና ቀዳዳዋን ወረቀት ከእጄ ወሰደችው።