በጂቲኬ የቁልፍ ጽሑፍ ቀለም አልቀየር ሲል

ጥያቄዎ፣ የፕሮግራም መስኮቶችና ቁልፎች በሚሠሩበት የጂቲኬ (GTK) ላይብረሪ፣ በጂቲኬ 2 የተጻፈውን ፕሮግራም ወደ ጂቲኬ 3 ሲያሻግሩ የጽሑፍ ቀለም የሚቀይረው «ሞዲፋይ ኤፍጂ» (gtk_widget_modify_fg) የተባለው ፋንክሽን የ«አጥፋ» ቁልፍን ጽሑፍ ቀይ ማድረግ ለምን እንዳቃተውና በምን ሊተኩት እንደሚገባ ነው። ቀለሙን ከፕሮግራሙ ኮድ አውጥተው በሲኤስኤስ (CSS)፣ ማለትም መልክን በሚወስነው የሕግ ቋንቋ፣ እንዲጽፉት እመክራለሁ።

በቁልፍ ላይ የምናየውን ጽሑፍ የሚስለው ቁልፉ ራሱ ሳይሆን በውስጡ የተቀመጠው ሌብል (ጽሑፍ ብቻ የሚያሳየው ክፍል) ስለሆነ፣ በጂቲኬ 2ም ቢሆን ቀለሙን ለቁልፉ መስጠት ለውጥ አያመጣም ነበር፤ ለሌብሉ ቢሰጡትም እንኳ ማውዙ ሲያርፍበትና ሲጫኑት የሚኖረውን ቀለም ለየብቻ መወሰን ያስፈልግ ነበር። ሞዲፋይ ኤፍጂን ከጂቲኬ 3.0 ጀምሮ እንዳንጠቀምበት ተነግሯል። እሱን የተካው «ኦቨርራይድ ከለር» (gtk_widget_override_color) የተባለው ፋንክሽንም ከ3.16 ጀምሮ ተመሳሳይ ማስጠንቀቂያ ስለተሰጠበት፣ ሁለቱም በጂቲኬ 4 ስለሌሉ፣ ወደ እሱ መሻገር ድካም ብቻ ነው።

ለቁልፉ የራሱ የሲኤስኤስ ክላስ፣ ማለትም ሕጉ የሚለየው መጠሪያ፣ ይስጡት፤ ከዚያ ለዚያ ክላስ ቀለሙን የሚወስን ሕግ ጽፈው ሕጉን ለጂቲኬ በሚያቀርበው በሲኤስኤስ ፕሮቫይደር (GtkCssProvider) ይጫኑትና ለመላው ስክሪን፣ በጂቲኬ 4 ደግሞ ለዲስፕሌዩ፣ በአፕሊኬሽን የቅድሚያ ደረጃ ያያይዙት።

ብዙዎች ሳያስተውሉ የሚያልፉት ግን ይህ የቅድሚያ ደረጃ የሚያስከትለውን ነገር ነው። የአፕሊኬሽን ደረጃ 600፣ የቲሙ (የስርዓቱ አጠቃላይ የመልክ ቅንብር) ደግሞ 200 በመሆኑ፣ የቲሙ ሕግ የቱንም ያህል ዝርዝር ቢሆን የእርስዎ አጭር ሕግ ይሽረዋል። በዚህም የተነሳ ቁልፉ ሥራ እንዳይሠራ በተዘጋ ጊዜ ቲሙ ሊያደበዝዘው ሲገባ እንደ ደመቀ ይቀራል፤ ተጠቃሚው ደጋግሞ ይጫናል፣ መልስ ግን አያገኝም። ስለዚህ ለተዘጋው ሁኔታ ሁልጊዜ የራሱን ሕግ ይጻፉለት፤ ይህን እንደ ማስዋቢያ ሳይሆን እንደ ግዴታ ነው የማየው። የጀርባውን ቀለምም አብረው ይወስኑ፤ አለበለዚያ በነጣ ቲም ላይ ያማረው ቀይ በጠቆረው ላይ አይነበብም። የተነባቢነት መመሪያዎች ለተራ ጽሑፍ የሚጠይቁት ንፅፅር ቢያንስ 4.5 ለ 1 ነው። የጀርባው ቀለም አልታይ ካለዎት፣ በጂቲኬ 3 ነባሩ ቲም ለቁልፎች የጀርባ ምስል ስለሚደርብ መጀመሪያ ምስሉን በሲኤስኤሱ ያስወግዱት።

ከሌብል ውስጥ አንዲት ቃል ብቻ ማቅለም ከፈለጉ ግን የፓንጎ ማርክአፕ፣ ማለትም በጽሑፉ ውስጥ የሚገባ የቀለም ምልክት፣ ይበቃል፤ ለዚያ ሲኤስኤስ አያስፈልግዎትም።