የተጠበሰ ቲማቲም ሳልሳ ለምን ይቀጥናል?

ጥያቄ፦ ሳልሳ የሚባለውን የሜክሲኮ አገር የቲማቲም ማባያ፣ ቲማቲሙን ጠብሼ እቤት ባዘጋጅም ውሃ ውሃ አለብኝ፤ መረርም ይላል። ደግሞስ በጠርሙስ አሽጌ ላቆየው እችላለሁ? (ከደብረ ብርሃን)

መልስ፦ የቀጠነው ቲማቲሙ በመጠበስ ፈንታ ስለተቀቀለ ነው። ተጠጋግቶ ሲደረደር እንፋሎቱ መውጫ ያጣል፤ ቆዳው ሳይጠቁር ውስጡ ይፈሳል። ከሸዋ ሮቢት ከሚመጣው ሞላላና ጠንካራ የሆነውን 1 ኪሎ ይምረጡ። ሳይከትፉ፣ ያለ ዘይት፣ በጋለ ብረት ምጣድ ላይ አራርቀው ከ12 እስከ 15 ደቂቃ እያገላበጡ ይጥበሱ። የእንጀራውን ሸክላ ምጣድ ግን አደራ! ጭማቂው ማሰሻውን ያበላሽና እንጀራው አልነሳ ይልዎታል።

ምሬቱ ብዙ ጊዜ ካረረ ነጭ ሽንኩርት ይመጣል። 4 ፍንካች ከነልጣጩ ይጥበሱ፤ ሲለሰልስ ያውጡት። 3 ቃሪያና ለሁለት የተከፈለ 1 ቀይ ሽንኩርትም አብረው ይጠበሳሉ። ሁሉም ይቀዝቅዝ፤ ትኩሱን ከፈጩት የመፍጫው ክዳን ይፈናጠራል። ውሃ ሳይጨምሩ፣ ቆም እያደረጉ ጥቂት ብቻ ይፍጩ፤ ሙቀጫ ካለ የተሻለ ነው። 1 የሻይ ማንኪያ ጨው፣ የግማሽ ሎሚ ጭማቂና የድንብላል ቅጠል መጨረሻ ላይ ይገባሉ። በርበሬና ዘይት ከገባበት ስልስ ይሆናል፤ እሱም ይጣፍጣል፣ ግን ሌላ ምግብ ነው።

በጠርሙስ አሽጎ ከፍሪጅ ውጭ ማስቀመጡን ይተዉት። ሽንኩርቱና ቃሪያው የቲማቲሙን አሲድ ያሳንሱታል፤ ደብረ ብርሃን ደግሞ ከፍታዋ ወደ 2,800 ሜትር ስለሆነ ውሃ የሚፈላው 91 ዲግሪ አካባቢ ነው። ቦቱሊዝም የሚባለውን አደገኛ የምግብ መመረዝ የሚያመጣው ባክቴሪያ ዘር በዚህ ሙቀት አይሞትም፤ አሲዱ ሲያንስ ደግሞ በታሸገው ጠርሙስ ውስጥ ሊራባ ይችላል። ፍሪጅ ውስጥ ከ4 እስከ 5 ቀን ይቆያል፤ ከዚያ በላይ ከፈለጉ ፍሪዘር።