ቴርሞሜትሩን ውሃው ውስጥ ንከሩት

ይድረስ በወባ መከላከል ሥራ ለምትተኩን የጎጃም ልጆቼ፣

ከመጽሐፉ በፊት ውሃ መመልከትን ልመዱ። መስከረም ላይ ዝናቡ ገታ ሲል ከብቶች ወደ ወንዝ የሚወርዱበትን ጭቃ ሂዱና እዩት፤ የኮቴው ጉድጓድ ሁሉ ውሃ አቁሯል። ቁጢጥ ብላችሁ ብትጠባበቁ ቀጫጭን እጮች ውሃው ላይ አግድም ተኝተው ታያላችሁ፤ ጥላችሁ ሲያርፍባቸው ሽው ብለው ይሰምጣሉ። እንዲህ አግድም የሚተኛው የወባ ትንኝ እጭ ነው። የሌሎቹ ትንኞች እጭ አብዛኛውን ጊዜ ራሱን ዘቅዝቆ ይንጠለጠላል።

ቴርሞሜትራችሁን እዚያው ንከሩት። የወረዳውን የአየር ሙቀት ከሠንጠረዥ ላይ አንብቦ «እዚህ ደጋ ነው፣ ወባ አይደርስም» የሚል ባለሙያ ያሳዝነኛል። እጩ የሚያድገው በውሃው ሙቀት ነው፤ ፀሐይ ያገኘው ጥልቀት የሌለው ውሃ ደግሞ እኩለ ቀን ላይ ከአየሩ በብዙ ዲግሪ ይበልጣል።

በሞቀ ውሃ እንቁላሉ በ2 ወይም በ3 ቀን ይፈለፈላል፤ በቀዘቀዘው ሁለት ሳምንትና ከዚያም በላይ ሊቆይ ይችላል። ከእንቁላል እስከ በራሪ ትንኝ ያለው ጉዞ በ31 ዲግሪ ገደማ አንድ ሳምንት ሲፈጅ፣ በ20 ዲግሪ ሦስት ሳምንት ያህል ይወስዳል። ውሃው ዘወትር ከ16 ዲግሪ በታች ከሆነ እድገቱ የቆመ ያህል ነው፤ ያለማቋረጥ ከ35 ሲያልፍ ደግሞ እጩ ሳይበር ይሞታል። ያቆረ ውሃ በየሳምንቱ ይፋሰስ፣ ይዳፈን የምንለው በዚህ ምክንያት ነው። አሥራ አምስት ቀን ያሳለፈ ቀበሌ አንድ ትውልድ ትንኝ አስመርቋል።

ሙቀት የሚያፋጥነው ትንኟን ብቻ አይደለም። ፋልሲፓረም የተባለው ገዳዩ የወባ ተውሳክ በትንኟ ሰውነት ውስጥ ለመብሰል በ25 ዲግሪ 12 ቀን ገደማ ይበቃዋል፤ በ20 ዲግሪ ግን አራት ሳምንት ያህል ያስፈልገዋል። ያን ያህል የምትኖር ትንኝ ጥቂት ናት። ደጋውን ለዘመናት የጠበቀው ይህ የጊዜ ልዩነት ነው፤ ሁለት ሦስት ዲግሪ ሲጨመር ጥበቃው ይላላል። በ1950 ዓ.ም. ክረምት ጀምሮ እስከ 1951 የዘለቀው ወረርሽኝ ከ2,000 ሜትር በላይ ያሉ መንደሮችን ሳይቀር አዳርሶ ነበር። ሦስት ሚሊዮን ያህል ሰው ታመመ፤ 150,000 ያህሉ እንደሞተ ተገምቷል። አብዛኛው የደጋ ሰው በሽታውን ለምዶ የማያውቅ ስለነበር ሰውነቱ መቋቋም አልቻለም።

ቾቄን ከራስጌ፣ የአባይን በረሃ ከግርጌ ይዘን የምንኖር ሰዎች ነን። ከደጀን ቁልቁል ወደ አባይ ድልድይ የወረደ ሰው በአንድ ሰዓት ውስጥ ከብርድ ወደ ወበቅ ይገባል፤ ስለዚህ ለአንድ ወረዳ አንድ ቁጥር አይበቃም። የመስኖ ቦይ ባለበት፣ እንደ ቆጋ ባለው ሜዳ፣ ከቦዩ የሚያፈስ ውሃ በበጋም ስለሚያቁር የካቲትንና መጋቢትን አትዝለሉ።

ሁለተኛ ቴርሞሜትር ካላችሁ ቤት ውስጥ አንጠልጥሉት። ደም የጠገበች ትንኝ ብዙ ጊዜ ግድግዳ ላይ ታርፋለች፤ እሳት የሚነድበት ጎጆ ደግሞ ሌሊት ከደጁ ይሞቃል። ለሰሊጥ አጨዳ መተማና ሁመራ የወረደው ጎልማሳ ተውሳኩን በደሙ ይዞ የሚመለሰው ወደዚያ ቤት ነው። ትኩሳት ባይኖረውም እንኳ ጠይቁት፣ ደሙን መርምሩለት፣ አጎበሩ የተቀደደ መሆኑንም እዩለት።